የአንድ ሰው ትውልድ እንዴት ይቆጠራል? ከደሴና ከኮምቦልቻ የተገኘ ልምድ

በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ የአንድን ሰው ትውልድ ለመቁጠር የተነሣ ሰው መጀመሪያ እጁ የሚገባው የስም ሰንሰለት ነው። «የእከሌ ልጅ፣ የእከሌ ልጅ» እየተባለ አምስት ስድስት ስም በአንድ ትንፋሽ ይወርዳል። ብዙ ሰው ይህን ጽፎ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ወሎ ውስጥ ግን ከሁሉ የሚያሳስተው ይኸው ሰንሰለት ነው። አንድ ሰው ሁለት ስም ይዞ ሁለት ሰው ሆኖ ይቆጠራል፤ አባትና ልጅ አንድ ስም ይዘው አንድ ሰው ይሆናሉ፤ ያሳደገ አጎት አባት ሆኖ ይገባል። ስለዚህ አንድን ስም «ተረጋግጧል» የምንለው ሦስት ነገር ሲገኝለት ነው፦ እናቱ ማን እንደ ነበረች፣ የት እንደ ተቀበረ፣ ዘመኑን የሚያስር አንድ የታወቀ ክስተት። ሦስቱ ያልተሟሉለት ስም በእርሳስ ተጽፎ ይቆያል።

ለማስረዳት ያህል በ1945 ዓ.ም. ገደማ የተወለደ፣ ኮምቦልቻ የኖረ፣ አባቱ ከተሁለደሬ ገጠር የመጣ አንድ ሰው እንያዝ። ወፈር ያለ ደብተር ተገዝቶ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ሙሉ ገጽ ይሰጠዋል። ገጾቹ በቁጥር ይሄዳሉ። ሰውየው 1 ነው፤ አባቱ 2፣ እናቱ 3። ከዚያ ወዲያ ደንቡ አንድ ነው፦ የማንኛውም ሰው አባት የዚያ ሰው ቁጥር እጥፍ ነው፤ እናቱ ደግሞ እጥፉ ሲደመር አንድ። የአባት አባት 4፣ የአባት እናት 5፣ የእናት አባት 6፣ የእናት እናት 7 ይሆናሉ። «11» ተብሎ ከተጻፈ የ5 እናት፣ ማለት የአባት እናት እናት መሆኗ ሳይጠየቅ ይታወቃል። ወንዶቹ ሁሉ ሙሉ ቁጥር፣ ሴቶቹ ጎደሎ ስለሚይዙ (ከ1 በቀር) ስሕተትም ቶሎ ዓይን ውስጥ ይገባል። ሰውየውን አንደኛ ቤት ብለን ከጀመርን ሰባተኛው ቤት ላይ 64 ሰዎች ይቀመጣሉ፤ ጠቅላላው 127 ነው። ማንም 127ቱን አይሞላም። አራት ቤት፣ ማለት 15 ሰው፣ በደንብ ከተሞላ ጥሩ ሥራ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚዘልቀው የአባት መስመርና አንድ ሁለት የእናት መስመር ነው። ወንድም፣ እኅት፣ ሌላ ሚስት፣ የሞተ ልጅ ቁጥር አይሰጣቸውም፤ በገጹ ጀርባ ይጻፋሉ። እነዚህ የጀርባ ስሞች በኋላ ጥያቄ ሲነሣ ዋና ምስክር ስለሚሆኑ «አይጠቅሙም» ተብለው አይዘለሉ።

ከቤት ውጭ ከመውጣት በፊት የቤቱ ሳጥን ይከፈታል። የ8ኛ ክፍል ካርድ፣ የጋብቻ ውል፣ የኒካህ ወረቀት፣ የጡረታ ደብተር፣ የውትድርና መሰናበቻ፣ ከ1967 በፊት የተከፈለ የመሬት ግብር ደረሰኝ፣ የፎቶግራፍ ጀርባ፣ የቁርኣንና የዳዊት ሽፋን ውስጠኛ ገጽ። ሁሉም ባለበት በስልክ ፎቶ ይነሣ፤ «ወስጄ ኮፒ አድርጌ ልመልስ» የሚለው ወረቀት ብዙ ጊዜ አይመለስም። ሰውየው ፋብሪካ ወይም መሥሪያ ቤት ሠርቶ ከሆነ ሲቀጠር የሞላው ቅጽ የእናቱን ስምና የተወለደበትን ቀበሌ ሊይዝ ስለሚችል የሠራተኛ ማኅደሩን መጠየቅ ያዋጣል።

ከዚያ ሰው መጠየቅ ይመጣል፤ ጊዜውም ጉልበቱም የሚሄደው እዚህ ላይ ነው። ልማዱ ወደ ታላቁ ሽማግሌ መሮጥ ነው። ሽማግሌው የወንድ መስመሩን ያወርዱታል፤ ግን ማን ከማን እንደ ተወለደ፣ የትኛዋ ሚስት ተፈትታ የትኛዋ እንደ ገባች፣ የትኛው ልጅ በሕፃንነቱ እንደ ተቀጨ የሚያውቁት ሴቶቹ ናቸው። አሮጊቷ አክስት ወይም የአጎት ሚስት መጀመሪያ ይጠየቁ። ሁለት ወንድማማቾችን በአንድ ላይ አትጠይቁ፤ ታናሹ ታላቁን አክብሮ ዝም ይላል፤ የተለየ ነገር ቢያውቅም አያወጣውም። ለየብቻ ጠይቃችሁ መልሳቸው ሲለያይ አትደንግጡ፤ ልዩነቱ ራሱ መረጃ ነው። ከሌላ ሰው የሰማችሁትንም ስም ቀድማችሁ አትጥሩ። «አያትዎ ይመር ነበሩ አይደል?» ከተባሉ «አዎ» ይላሉ። «አያትዎን ማን ይሏቸው ነበር?» ብሎ ዝም ማለት ይሻላል። ሰዓቱ ቡና ሲፈላ ይሁን፤ ከአቦሉ በፊት የተጠየቀ ሰው አጭር መልስ ነው የሚሰጠው፣ ቶናው ላይ ወሬው ራሱ ይመጣል። ከአንድ ሰዓት በላይ መቀመጥ አያስፈልግም። ድምፅ ለመቅዳት ፈቃድ ይጠየቅ፤ ካልወደዱ በጽሑፍ ብቻ።

ጥያቄዎቹ ከቅርብ ወደ ሩቅ ይሄዳሉ። ለእያንዳንዱ ሰው «ሌላ ስም ነበራቸው ወይ? ቤት ውስጥ ማን ይሏቸው ነበር?» የሚለው አይቀርም። «የት ተወለዱ?» ከሚለው ይልቅ «የት ተቀበሩ?» የሚለው አስተማማኝ መልስ ያመጣል። ቀብር አገር የሚያየው ነገር ነው፤ መቃብሩ የትኛው ደብር ወይም የትኛው መስጊድ አጠገብ እንደ ሆነ የሚያስታውስ አይጠፋም። የትውልድ ቦታ ግን ሌላ ነገር ይነግራል። ሴት የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ቤት ሄዳ የመውለድ ልማድ ስላላት የበኩር ልጅ የትውልድ ቦታ ብዙ ጊዜ የእናቱን ወገን አገር ነው የሚጠቁመው። የአባቱ አገር ተሁለደሬ ሆኖ በኩሩ ወረባቦ ተወለደ ከተባለ እናቲቱ ወረባቦ ትፈለግ።

የሁለት ስም ጉዳይ ሰፋ ብሎ መነገር አለበት። ክርስቲያን የሆነ ሰው የዓለም ስምና የክርስትና ስም አለው፤ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ሲጠመቁ የተሰጣቸው ስም ከአባት ስም ጋር አይጠራም፣ ፍትሐትና ተዝካር ላይ ግን እሱ ብቻ ነው የሚነሣው። በቤተ ክርስቲያን መዝገብ ውስጥ በዓለም ስሙ የተፈለገ ሰው «የለም» የሚባለው ለዚህ ነው። ፈረሰኛና ጦረኛ የነበረ ደግሞ ንጉሥ ሚካኤል «አባ ሻንቆ» እንደ ተባሉት የፈረስ ስም ይኖረዋል፤ ልጅ ልጆቹ በዚያ ስም ብቻ ያስታውሱትና እንደ ሌላ ሰው ይቆጥሩታል። በእስላሙም በኩል ሙሐመድ ሙሄ፣ ኢብራሂም እብሬ ሆኖ ይጠራል፤ አንዱ ወረቀት ሙሉውን፣ ሌላው አጭሩን ይይዛል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የሃይማኖት ለውጡ ነው። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ካደረጉ በኋላ የወሎ እስላም እንዲጠመቅ ታዘዘ። የወሎዎቹ መሳፍንት ራሳቸው ተጠምቀው መሐመድ አሊ ሚካኤል፣ አመዴ ሊበን (አባ ዋጠው) ኃይለ ማርያም ተባሉ። ባላገሩም ከፊሉ ተጠመቀ፣ ከፊሉ ሸሸ፣ ከፊሉ ቀን ክርስቲያን ማታ እስላም ሆኖ ኖረ። በ1881 ዮሐንስ መተማ ላይ ካለፉ በኋላ ወደ ቀድሞው የተመለሰ ብዙ ነው። ውጤቱ ትውልዱ ውስጥ እንዲህ ሆኖ ይታያል፦ ልጁ ሰይድ፣ አባቱ ወልደ ሚካኤል፣ አያቱ እንደገና ሁሴን። ይህን «ስሕተት» ብሎ ማረም አይገባም። የሚያስፈራው ሌላ ነው፦ ዛሬ ሰንሰለቱን የሚያወርደው ሰው ያልጣመውን ስም ዘሎ ይሄዳል፤ አንድ ትውልድ ሙሉ ይጠፋል። መዘለሉን የሚያጋልጠው የዓመት ሒሳብ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ከአባት እስከ ልጅ በአማካይ 30 ዓመት ይያዝ፤ ከ20 በታችና ከ45 በላይ ሲሆን ማብራሪያ ይጠየቅ። ለምሳሌያችን ሰው አባቱ 1915፣ አያቱ 1885፣ ቅድመ አያቱ 1855፣ ምንጅላቱ 1825 አካባቢ ላይ ያርፋሉ። አሁን የታወቁት ክስተቶች በጎን ይደረደሩ፦ ቦሩ ሜዳ 1870፣ ክፉ ቀን ከ1880 እስከ 1884፣ አድዋ የካቲት 1888፣ ሰገሌ ጥቅምት 17 ቀን 1909፣ የኅዳር በሽታ 1911፣ የደሴ በቦምብ መደብደብ ኅዳር 26 ቀን 1928፣ ማይጨው መጋቢት 22 ቀን 1928፣ የመሬት አዋጁ የካቲት 1967፣ የ1966 እና የ1977 ድርቆች። «ቅድመ አያቱ አድዋ ዘምቷል» ከተባለ 33 ዓመቱ ነበርና ልክ ነው። «አያቱ ዘምቷል» ከተባለ አያትየው ቢዘገይ በ1870 መወለድ አለበት፤ ሁለት ትውልድ 75 ዓመት ወሰደ ማለት ነው። ሁለቱም የሽምግልና ልጆች ከሆኑ ይቻላል፤ ካልሆኑ መሐል ላይ አንድ ሰው ተዘልሏል። «አባቱ ዘምቷል» ከተባለ ደግሞ ነገሩ ብዙ ጊዜ ማይጨው ነው። ሽማግሌዎች ሁለቱንም «የጣልያን ጦርነት» ስለሚሉ «ንጉሡ ማን ነበሩ? አውሮፕላን ነበረ ወይ?» ብሎ መለየት ያስፈልጋል።

ክፉ ቀንና የኅዳር በሽታ ከቀን መቁጠሪያነታቸው በላይ ትርጉም አላቸው። በነዚህ ዓመታት ወላጅ ያጣ ልጅ አጎት፣ አያት ወይም ባዕድ ቤት አደገና ያሳደገውን ስም ይዞ ቀረ። የምሳሌያችን ሰው አያት በ1885 አካባቢ የተወለደ ስለሆነ የአባቱ ስም ያሳዳጊ የመሆን ዕድሉ ከሌላው ትውልድ ይበልጣል። ይህን የሚያጣራው የእናት ጥያቄ ነው፦ «እናቱ የዚህ ሰው ሚስት ነበረች?» መልሱ «አይ፣ እሷ ሌላ ቤት ነው የነበረችው» ከሆነ ክሩ ተይዟል። በኋላም ዘመን ቢሆን ትምህርት ቤት በአጎት ስም የተመዘገበ፣ በአያት ስም የሚጠራ፣ ዓረብ አገር ለመሄድ ስምና ዕድሜ ለውጦ ፓስፖርት ያወጣ ሞልቷል። ወረቀት ስለሆነ ብቻ ከአሮጊቷ ቃል አይበልጥም።

ወደ መዛግብት ስንመጣ ብዙ ሰው የማያስበው፣ እኛ ግን በመጀመሪያ የምንሄድበት ቅሬ፣ ማለት ሌላው አገር ዕድር የሚለው የቀብርና የሐዘን መረዳጃ ማኅበር ነው። የቅሬ መዝገብ ዕዝን የሚከፈልላቸውን ሰዎች መለየት ስላለበት የአባሉን ሚስት፣ ልጆች፣ አባትና እናት፣ አንዳንዴም አማቶቹን በስም ይዘረዝራል፤ ሞት ሲደርስ ቀኑንና ቦታውን ይጽፋል። ብዙው ቅሬ እስላምና ክርስቲያኑን በአንድ ስለሚይዝ ሃይማኖት የለወጠ ቤተሰብም እዚያው ይገኛል። የቅሬውን ዳኛ ወይም ጸሐፊ ከዘመድ ጋር ሄዶ መጠየቅ ነው፤ ያለ ዘመድ ወረቀት ብቻ ይዞ የመጣ እንግዳ መዝገብ አይከፈትለትም። አሮጌው መዝገብ ሲሞላ በአዲስ ይገለበጣል፤ ሲገለበጥ የሞቱት ይቀራሉ። ስለዚህ «አሮጌው ደብተር የት አለ?» ብሎ መጠየቅ የግድ ነው። ብዙ ጊዜ የቀድሞው ጸሐፊ ቤት ነው።

በቤተ ክርስቲያን በኩል የሰበካ ጉባኤ መዝገብ አለ፤ ሰበካ ጉባኤ የሚተዳደርበት ደንብ፣ ቃለ ዓዋዲ፣ የወጣው በ1965 ዓ.ም. ስለሆነ ከዚያ በፊት ያለውን ከዚህ መጠበቅ አይገባም። ለቀድሞው ዘመን የቤተሰቡ የነፍስ አባት የነበሩት ካህን፣ እሳቸው ካለፉ የተተኳቸው ይጠየቁ። ቤተሰቡ የብራና ዳዊት ካለው በጸሎቶቹ መካከል የባለቤቱ፣ የሚስቱና የልጆቹ የክርስትና ስም ይገኛል፤ መጽሐፉ ሲሸጥ የፊተኛው ስም ተፍቆ የገዢው ይጻፋልና የተፋቀ ቦታ ላይ ያለው ስም ከጽሕፈቱ ዘመን አይደለም። ሐይቅ እስጢፋኖስ ትልቅ የመጻሕፍት ቤት ስለሆነ ሰው ሁሉ እዚያ ይልካችኋል፤ የባላገር ትውልድ ፍለጋ ግን እዚያ አይጀመርም።

በእስላሙ በኩል መቃብር ብዙ ጊዜ ጽሑፍ የለውም፤ ወረቀቱ ያለው ከውርስ ዘንድ ነው። የቃዲና የናኢባ ፍርድ ቤቶች አዋጅ ከወጣበት ከ1936 ዓ.ም. ወዲህ የሸሪዓ ፍርድ ቤት የውርስ መዝገብ ካለ እሱን የሚያህል የለም። ድርሻው የተወሰነ ስለሆነ ወራሽ ሁሉ በስም መቅረብ አለበት፦ ልጅ ካለ ሚስት ስምንተኛውን፣ በሕይወት ያለች እናት ስድስተኛውን ታገኛለች፤ ወንድ ልጅ የሴቷን እጥፍ ይወስዳል። ከዚህ ብዙ ይነበባል። ለእናት ስድስተኛ ተመድቦ ከሆነ ሟቹ ሲሞት እናቱ በሕይወት ነበረች፤ ስሟም እዚያው አለ። ስምንተኛው ለሁለት ከተከፈለ ሁለት ሚስቶች ነበሩ፤ ልጆቹ ከየትኛዋ እንደ ሆኑ ይጠየቅ። በመደበኛው ፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ መዝገብም ተመሳሳይ ጥቅም አለው። የመዝገብ ቁጥር ካልተያዘ ግን ፍለጋው ከባድ ነው፤ ከቤተሰቡ ሳጥን የውሳኔው ግልባጭ ወይም ቢያንስ ዓመቱ ይፈለግ፣ ከዚያ ዝምድናን የሚያሳይ መታወቂያ ተይዞ በጽሑፍ ማመልከቻ ይቅረብ።

አንድ ነገር ሳይነገር አይታለፍም። ቃሉና ወረባቦ ዙሪያ ከሸኽ ቤት የወጡ ቤተሰቦች የስም ዝርዝር ያለበት አሮጌ ወረቀት ያሳያሉ። ዝርዝሩ ነሰብ ነው ወይስ ሲልሲላ? ነሰብ የሥጋ ዘር ነው፤ ሲልሲላ ደግሞ ማን ከማን እንደ ተማረ ወይም የጠሪቃውን (የሱፊ መንገዱን) ፈቃድ እንደ ተቀበለ የሚቆጥር ነው። ሲልሲላውን እንደ አባትና ልጅ የቆጠረ ሰው መምህራንን ሁሉ አያት አድርጎ ይጨርሳል። ዐረብኛ የሚያነብ ዐዋቂ «ኢብን» የሚለውንና «ከእከሌ ወሰደ» የሚለውን በአንድ እይታ ይለየዋል። በሂጅራ የተጻፈ ዓመት ሲገኝ በ0.97 ተባዝቶ 622 ሲደመርበት የፈረንጁ ዓመት ይመጣል፤ ከዚያ 7 ወይም 8 ይቀነሳል። 1300 ሂጅራ ብሎ የተጻፈ ወደ 1883 የፈረንጅ፣ 1875 ወይም 1876 የእኛ ይወጣል፤ አንድ ዓመት ወዲያ ወዲህ ሊል ይችላል።

የመንግሥት መዝገብ ከሚታሰበው በታች ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ለአዛውንት የተሰጠ የልደት ምስክር ወረቀት ሰውየው ራሱ የተናገረውን መልሶ የሚናገር ነው፤ ለትውልድ ቆጠራ አዲስ ማስረጃ አይጨምርም። የገጠር መሬት ይዞታ ደብተር ግን ይረዳል። አዋሳኞችን በምሥራቅ፣ በምዕራብ፣ በሰሜን፣ በደቡብ በስም ስለሚጽፍ አንድ አባት ያካፈለው ማሳ ላይ አዋሳኞቹ ወንድማማቾች ሆነው ይገኛሉ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያልፍ የተበታተነ ፋይል ስላለ በዞን ወይም በፍርድ ቤት «የለም» የተባለ ወረቀት የተከራካሪው ወገን ቤት ግልባጩ ይፈለግ። ውሳኔ ለሁለቱም ወገን ነው የሚሰጠው።

መዝገብ ስትፈልጉ የፊደሉን ጣጣ አትርሱ። ኃይሉ፣ ሐይሉ፣ ሀይሉ ሦስት ቦታ ነው የሚቀመጡት፤ ሰይድና ሠይድ፣ ዓሊና አሊም እንዲሁ። «ገ/መ» ብሎ ያሳጠረ ጸሐፊ ገብረ መድኅን ይሁን ገብረ መስቀል እሱ ነው የሚያውቀው። የተጻፈውን እንዳለ ቅዱ፤ ግምታችሁን ከጎኑ በእርሳስ።

ስለ ርስት ደግሞ እንዲህ ነው። ከደሴ በስተ ሰሜንና በስተ ምዕራብ፣ በአምባሰልና በሳይንት በኩል፣ ከ1967 በፊት መሬት የሚጠየቀው ከአቅኚው አባት ትውልድ በመቁጠር ነበር። የነዚያ አገር ሽማግሌዎች ስምንትና ዘጠኝ ቤት ሳያደናቅፋቸው ያወርዳሉ፤ የሚያስደንቅ ነው። ርስት ግን በአባትም በእናትም ይወረስ ስለነበር ያ ቆጠራ መሐል ላይ በሴት በኩል ሊያልፍ ይችላል። አድማጩ ሁሉንም የአባት መስመር አድርጎ ይጽፈዋል። እያንዳንዱ ስም ላይ «ወንድ ናቸው ሴት?» ብሎ መጠየቅ ሞኝነት ቢመስልም ያዋጣል፤ አለዚያ የደብተሩ ቁጥር ሙሉና ጎደሎው ይምታታል። ለክርክር የተቆጠረ ትውልድ ለአሸናፊነት የተቆጠረ መሆኑም አይረሳ፤ ተቃራኒው ወገን የቆጠረውን ማግኘት ከተቻለ ሁለቱ የሚስማሙበት ስም ጠንካራ ነው። አዋጁ መሬቱን ለሕዝብ ሲያደርገው የመቁጠሩ ምክንያት አብሮ ቀረ፤ ከ1950 ወዲህ የተወለደ ሰው ከአያቱ በላይ ካላወቀ ስንፍና አይደለም፣ የሚጠይቀው አልነበረም።

ሰንሰለቱ ወደ ላይ ሲወጣ ዝናው ይጨምራል። ከስድስተኛው ስም በላይ መስፍን፣ ወሊይ ወይም ከሩቅ የመጣ ታላቅ ሰው ብቅ ካለ የሱ ዘመን በታሪክ የታወቀ ስለሆነ ሒሳቡ እዚያ ላይ ይሠራ። መሐል ያሉት ስሞች በ30 ሲባዙ እስከዚያ ዘመን ለመድረስ 90 ዓመት ቢጎድላቸው ሦስት ሰው ያህል ጎድሏል ማለት ነው። መጨረሻው ስም «ሂመኖ» ወይም «ባቦ» ዓይነት የአገርና የጎሳ መጠሪያ ከሆነ ቆጠራው ከሱ በታች ይቁም።

የጠፋ ሰው ጉዳይ። ከቤተሰቡ አንዱ «አሰብ ሄዶ ቀረ»፣ «አዋሽ ወርዶ ቀረ»፣ «ሁመራ ላይ ቀረ» ይባላል፤ ገጹ ባዶ አይተው፣ የሄደበት ዓመትና አብሮት የሄደው ሰው ይጻፍ። በ1977 ድርቅ ጊዜ በሰፈራ የሄደ ከሆነ መተከል ነው፣ ጋምቤላ፣ ወለጋ፣ ኢሉባቦር ወይስ ከፋ? ከአንድ ቀዬ የሄዱ ሰዎች ብዙ ጊዜ አብረው ስለ ሰፈሩ የተመለሰ ጎረቤት ካለ ጣቢያውን ያውቃል።

አሁን ስለ ጥርጣሬ። ገጠር ገብቶ «አያትዎ ማን ነበሩ? ስንት ልጅ ነበራቸው?» የሚል ሰው ለዘመዱ የውርስ ተካፋይ ሆኖ ነው የሚታየው። ስለዚህ ከሰፈሩ የሚታወቅ ሽማግሌ አብሮ ይሂድ፤ የመጡበት ጉዳይ ገና ሰላምታው እንዳለቀ ይነገር፤ መሬትና ቤት በመጀመሪያው ቀን አይነሣ። ሸኾቹንና ቀሳውስቱን በማዕረጋቸው፣ አሮጊቶቹን «እማማ»፣ አዛውንቶቹን «አባባ»፣ ጎልማሶቹን «ጋሼ» እና «እትዬ» ማለት የታወቀ ነው። ከዚህም የሚከብድ አለ፦ በባርነት የመጣ ቅድመ አያት፣ በእጅ ጥበቡ የተገለለ ወገን፣ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ። እንዲህ ያለውን የሚነግራችሁ ሰው በአደራ ነው የሚነግራችሁ። በደብተሩ ላይ ከሆነ ምልክት ብቻ ይቀመጥና ዝርዝሩ የተናገረው ሰው ካልፈቀደ ለሌላ ዘመድ አይነበብ። የዛሬ ልጆችን ጋብቻ ሊያስቀር የሚችል ወሬ በዚህ መንገድ ነው የሚወጣው።

የዘረ መል ምርመራ የሚጠይቁ አሉ። ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚሄደው ክፍል ሁለት ወንዶች በወንድ መስመር አንድ አባት ይጋሩ እንደ ሆነ ይፈትሻል፤ ከእናት የሚመጣው ደግሞ የእናትን መስመር። ስም፣ ቀዬ፣ ዓመት አይነግርም። ጥቅም ያለው ተለይቶ የሚጣራ ጥያቄ ሲኖር ነው፤ ለምሳሌ ሁለት ቤተሰቦች «አያታችን አንድ ነው» እያሉ ሲከራከሩና ሁለቱም ወንድ ተወላጅ ሲኖራቸው። ፈቃዳቸውም ውጤቱ ያልጠበቁት ሊሆን እንደሚችል ከተነገራቸው በኋላ ነው መጠየቅ ያለበት።

አራቱ ቤት ሲሞላ ለዘመድ ይነበባል። ተዝካር፣ ሰደቃ ወይም ሠርግ ላይ ሰው ሲሰበሰብ አንድ ድምፁ የሚሰማ ሰው ከሩቁ ወደ ቅርቡ ያንብብ፦ ስም፣ እናት፣ መቃብር፣ ዘመን። በእርሳስ ያለው «እንዲህ ይባላል» ተብሎ፣ በስክሪፕቶ ያለው እንዳለ። ሰው ሲሰማ የሚያርመው ሲጠየቅ ከሚናገረው ይበልጣል፤ «አይደለም፣ እሷ የታናሹ ሚስት ናት» የሚል ድምፅ ከኋላ ይመጣል። አራሚው ማን እንደ ሆነና ከማን እንደ ሰማ ከእርማቱ ጎን ይጻፍ። ከዚያ ደብተሩ በሙሉ ፎቶ ተነሥቶ ቢያንስ ሦስት ቤት ይቀመጥ፦ አንዱ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ፣ አንዱ ገጠሩ፣ አንዱ ከወሎ ውጭ ያለ ዘመድ ዘንድ። ለአንባቢ ልጆች የሚሰጠው ግልባጭ ላይ በሕይወት ያሉ ሰዎች የትውልድ ቀንና የመታወቂያ ቁጥር አይግባ፤ ስማቸው ይበቃል።